ይሄ ሁሉ ሣር፣ ሰዉስ?

ማዮ የሄድነው ለባሕሩ ብለን ነው። ማዮ በአየርላንድ ምዕራብ፣ አትላንቲክ ጥግ ላይ ያለ አውራጃ ነው። ከዚያ ወዲያ አሜሪካ እስኪደርሱ ድረስ ውሃ ብቻ። ጓደኛዬ ከዋሽንግተን ሊጠይቀኝ ደብሊን መጥቶ "እስቲ ፎቶ የሚያምርበት ቦታ ውሰደኝ" አለኝ። ፎቶ የሚያምርበት ቦታ እዚህ አገር ሞልቷል። ኬሪ አለ፣ የክሌር ገደሎች አሉ፤ የቱሪስት አውቶቡስ የሚርመሰመሰውም እዚያ ነው። እኔ ማዮን የመረጥኩት ባቡሩ ከደብሊን ቀጥ ብሎ ዌስትፖርት ስለሚያደርስ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሰው ስለማይበዛበት ነው።

ባቡሩ አትሎን ላይ የሻነንን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ አገሩ መልኩን ይቀይራል። ማሳው ያንሳል፣ የድንጋይ ካቡ ይበዛል፣ ሰማዩ ዝቅ ይላል። ወሩ ሐምሌ ነበር። የዚህ አገር ሐምሌ ከአዲስ አበባው ብዙም አይለይም፤ ጠዋት ይዘንባል፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ብልጭ ትላለች፣ ከሰዓት እንደገና ይዘንባል። ጓደኛዬ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ቆየና "ይሄ ሁሉ ሣር እያለ ሰዉ የት ነው?" አለ። የገበሬ የልጅ ልጅ ነው፣ ዓይኑ መጀመሪያ መሬት ነው የሚያየው። "የኛ ሰው ቢሆን እኮ እስከ ተራራው ጫፍ ነበር የሚያርሰው።"

አርሰውታል። ያንን ያሳየሁት በማግስቱ መኪና ተከራይተን ከዌስትፖርት ወደ ደቡብ ስንወርድ ነው። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ተራራው ጎን ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ አረንጓዴ መስመሮች ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ ሲያዩት የዝናብ ቦይ ይመስላል። የድንች መደብ ነው። ሰው በአካፋ አፈሩን ከግራና ከቀኝ እየገለበጠ የሠራው፣ በሬ ሊወጣው በማይችል ዳገት ላይ፣ ዛሬ በግ ብቻ በሚግጥበት ከፍታ። ከ170 ዓመት በላይ ማንም አልነካውም፤ መስመሩ ግን እስካሁን አለ። አስጎብኚ መጽሐፎቹ ይሄን ቦታ "ያልተነካ ተፈጥሮ" ይሉታል። ምን ያልተነካ አለ? ከዳር እስከ ዳር የሰው እጅ ያረፈበት፣ ከዚያ ሰዉ የጠፋበት መሬት ነው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ (ዓመቶቹን የኛ ነው ካላልኩ በቀር በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። በ1841 በተደረገው ቆጠራ ማዮ ውስጥ ወደ 389 ሺህ ሰው ይኖር ነበር። በ2022 ደግሞ 138 ሺህ ገደማ። በኛ አገር ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት ከነበረው ሕዝብ ዛሬ በግማሽ ያነሰ ሰው ያለበት ወረዳ ፈልጉ እስቲ።

ታሪኩን በደምሳሳው ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ1845 የድንች በሽታ ገባ፤ ማሳው በጥቂት ቀን ውስጥ ጠቁሮ ይሸታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ግን በሽታው የመታው ድንቹን ብቻ ነበር። አጃ ነበር፣ ከብት ነበር፣ ቅቤ ነበር፤ እሱ ግን የመሬት ኪራይ መክፈያ ነው፣ በመርከብ ይወጣል። ጭሰኛው የሚበላው ድንች፣ ለባለመሬቱ የሚያስረክበው እህል። ይሄን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1847 የወጣው ሕግ ደግሞ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ሰው እርዳታ አያገኝም አለ። ሩብ ኤከር ማለት አንድ ሺህ ካሬ ገደማ ነው። መብላት የፈለገ መሬቱን ይልቀቅ ነው ነገሩ። ብዙዎቹ ለቀቁ፤ ጎጇቸውም ተመልሰው እንዳይገቡባት ፈረሰች።

ዱሎክ የሚባለው ሸለቆ ለዚህ ሁሉ ምስክር ነው። ከሉዊስበርግ ከተማ ወደ ደቡብ የሚሄድ ጠባብ መንገድ ነው፤ በስተ ምዕራብ ሙዊልሬ የሚባለው 814 ሜትር ተራራ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከሥሩ ጥቁር ሐይቅ። በጎች መንገዱ መሃል ተኝተው ያመሰኳሉ። ባለቤቱ እንዲለያቸው ጀርባቸው ላይ ሰማያዊና ቀይ ቀለም ተቀብተዋል፤ ጥሩምባ ብትነፋም ቀስ ብለው አይተውህ፣ ከፈለጉ ይነሳሉ።

በመጋቢት 1849 መጨረሻ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የተራቡ ሰዎች ሉዊስበርግ ላይ ተሰብስበው ነበር። እርዳታ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም የሚለውን የሚመረምሩ ሹሞች ሊመጡ ነው ተብለው። ሹሞቹ መጡ፣ እዚያ አላዩአቸውም፤ ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ዴልፊ በሚባለው የአደን ማረፊያ ቤት ተገኙ ተባሉ። ዴልፊ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሌሊቱን በዚያ ብርድ፣ በባዶ እግራቸው፣ ያኔ መንገድ እንኳ በሌለበት ተጓዙ። ሲደርሱ፣ በአካባቢው ሰው ትረካ፣ ሹሞቹ ምሳ ላይ ነበሩ። ቆዩ ተባሉ። በኋላ ምንም የለም ተብለው ተመለሱ። በረዶና ንፋስ መንገድ ላይ ያዛቸው። ስንት ሰው እንደሞተ ታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ በጊዜው የተጻፉት ጥቂት ይላሉ፣ የአገሬው ሰው ደግሞ አራት መቶ ይላል።

መንገዱ ዳር ድንጋይ መስቀል ቆሟል። ትልቅ አይደለም፣ ጌጥ የለውም፤ ያልተጠረበ ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል። ጋንዲ የሰውን ልጅ ስለማዋረድ የተናገረው ቃል ተቀርጾበታል። በ1991 የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በዚህ መንገድ ተጉዟል። ለመታሰቢያ በየዓመቱ የእግር ጉዞ ይደረጋልና። ከአሜሪካ ቾክታው የሚባሉት ቀዳማይ ሕዝቦችም መጥተው ተጉዘዋል፤ እነሱ ራሳቸው ከመሬታቸው ተነቅለው ብዙ ሳይቆዩ፣ በ1847፣ ለአየርላንድ ርሀብተኞች 170 ዶላር አዋጥተው የላኩ ናቸው። አየርላንዶች ይሄን እስከ ዛሬ አልረሱም።

እዚህ ላይ ስለ እንግዳ ማረፊያችን ባለቤት ላንሳ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሻይ በወተት ሳታቀርብ ሰላም የማትል ሴት ናት። ከየት እንደመጣን ጠየቀች፣ ነገርናት። ትንሽ ዝም አለችና "ትንሽ ልጅ እያለሁ እራት ጠረጴዛችን ላይ ትሮካራ ሳጥን ነበረች" አለች። ትሮካራ የአየርላንድ ካቶሊክ ጳጳሳት በ1973 ያቋቋሙት የእርዳታ ድርጅት ነው። በዐቢይ ጾም ወቅት በየቤቱ የካርቶን ሳጥን ይሰጣል፤ ልጆች ከጣፋጭ የተረፋቸውን ሳንቲም እዚያ ይከታሉ። "ሳጥኗ ላይ የናንተ አገር ልጅ ፎቶ ነበር። ስበላ ያየኝ ነበር" አለች።

ብዙ አገር ኖሬ "ከኢትዮጵያ ነኝ" ስል ፊቱን በሐዘኔታ የሚያጨማድድ ሰው አጋጥሞኛል። ደሜ ይፈላል። እሷ ላይ ግን አልፈላም። ምስኪን አላለችንም። "እኛም እኮ ያው ነበርን፣ አያቴ ስለሱ ስንጠይቃት ወሬ ትቀይር ነበር" ነው ያለችው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ፣ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ በሐምሌ 1985 ለኛ ርሀብተኞች ላይቭ ኤይድ የተባለውን ኮንሰርት ሲያዘጋጅ፣ ይሄ ትንሽ አገር ያን ጊዜ ራሱ ደህና ኑሮ አልነበረውም። ወጣቱ ሥራ አጥቶ ወደ ለንደንና ቦስተን ይጎርፍ ነበር። ሆኖም ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ግንባር ቀደም ከሰጡት ነው።

ጓደኛዬ በዚህ አይስማማም። ወደ ክፍላችን ስንገባ "ያው ነው" አለኝ። "ቡና አለን፣ አበበ ቢቂላ አለን፣ ላሊበላ አለን። የሷ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግን ሳጥን ላይ ያለ ልጅ ነው።" ልክ ነው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። አያቷ ወሬ የምትቀይረውን የኔም አያት ትቀይረዋለች። እኛ ስለ 66ቱም ስለ 77ቱም እርስ በርስ አናወራም። ፈረንጅ ሲያነሳብን እንቆጣለን፣ ራሳችን ግን አናነሳውም። የ66ቱ ርሀብ ንጉሥ የጣለ ጉዳይ ነው፤ ሰርግ ቤትና ለቅሶ ቤት ስለ ሌላው ሁሉ ስናወራ ስለሱ ሲነሳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እነሱም ጊዜ ፈጅቶባቸዋል። ሙሪስክ የሚባለው መንደር ውስጥ ያለው ብሔራዊ የረሀቡ መታሰቢያ የተመረቀው በ1997 ነው፣ ከ150 ዓመት በኋላ። የነሐስ መርከብ ነው፤ ሸራና ገመድ መሆን በሚገባው ቦታ የሰው አጽሞች ይንሳፈፋሉ። የመረቀችው ሜሪ ሮቢንሰን ነች፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሴት ፕሬዚዳንት፣ የማዮ ልጅ፣ ባሊና ከተማ የተወለደች። እስከ ራት ሰዓት ተከራከርን። አልተስማማንም።

ስለ ራት ካነሳሁ፦ ዌስትፖርት ዓሣው ይጣፍጣል። ኦይስተርና የባሕር ቀንድ አውጣው ግን ክንፍና ቅርፊት የለውም፣ አልነካነውም። አስተናጋጁ አለርጂ መስሎት ተጨነቀ።

ማዮን ያለ መሬት ነገር ማውራት አይቻልም። ማይክል ዳቪት የሚባል ሰው በ1846 ስትሬድ በምትባል የማዮ መንደር ተወለደ። አራት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ከመሬቱ ተባረረ፤ እንግሊዝ ገቡ፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ቀኝ እጁን ወሰደው። ይሄ አንድ እጅ ያለው ሰው በ1879 ካስልባር ላይ የማዮን የመሬት ማኅበር ካቋቋሙት ዋናው ነው። ጥያቄው የኛ ተማሪዎች በ1957፣ በኛው ዘመን አቆጣጠር፣ አደባባይ ይዘውት የወጡት ነው፤ መሬት ላራሹ። በ1880 ደግሞ በሎክ ማስክ ሐይቅ አጠገብ የአንድ ባለመሬት ወኪል የነበረ ሻምበል እየተባለ የሚጠራ እንግሊዛዊ ጭሰኞችን ለማባረር ተነሳ። አገሬው ዱላ አላነሳም። እሳት አልጫረበትም፤ ማሳውን የሚያጭድ፣ ደብዳቤውን የሚያደርስ፣ ሱቅ የሚሸጥለት ጠፋ። ከሰሜን ሃምሳ ሠራተኛ መጥቶ በሺህ ገደማ ወታደርና ፖሊስ ጥበቃ አጨደለት፤ የአምስት መቶ ፓውንድ ሰብል ለማንሳት መንግሥት ወደ አሥር ሺህ ፓውንድ አወጣ ይባላል። ሰውዬው አገር ለቆ ሄደ። ስሙ ቦይኮት ነበር።

አክል ደሴት ለመድረስ የሚሻገሩት ድልድይ በዳቪት ስም ነው የተሰየመው። አክል ከአየርላንድ ዳርቻ ደሴቶች ትልቁ ነው። ኪም የሚባለው የባሕር ዳርቻ ያምራል፣ ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ፎቶው ኢንስታግራም ላይ ሞልቷል፣ ስለሱ አልደክምም። ዱዋ የሚባለው ዳርቻ ግን ጉድ ነው። በ1984 ማዕበል መጥቶ አሸዋውን ጠራርጎ ወሰደው፤ ድንጋይ ብቻ ቀረ፣ ሆቴሎቹም ተዘጉ። በ2017፣ ከ33 ዓመት በኋላ፣ ባሕሩ አሸዋውን መልሶ አመጣው።

የሄደ የሚመለሰው ግን አሸዋ ብቻ ነው። ስሊቭሞር ተራራ ሥር የተተወ መንደር አለ። ከሰማንያ በላይ የድንጋይ ቤቶች በአንድ መስመር፣ ጣሪያ የሌላቸው፣ በሮቻቸው ክፍት። ጓደኛዬ አንዱ ውስጥ ገብቶ በእርምጃ ለካው። አንድ ክፍል ነው። አንዱ ጫፍ ግድግዳ ላይ ከብት የሚታሰርበት ቦታ አለ፤ ሰውና ላም አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድሩት። "መንዝ ያለው የአያቴ ቤት እኮ ነው" አለ። የሚነደው ብቻ ይለያል። እነሱ ከረግረጉ መሬት በአካፋ እየቆረጡ በፀሐይ የሚያደርቁት ጥቁር አፈር አለ፣ ተርፍ ይሉታል፤ ልክ እንደ ኩበት ይደረደራል፣ ጭሱም ልብስ ላይ ይቀራል። አሁን ለአካባቢ ጥበቃ ሲባል እየቀነሰ ነው፣ ግን የአንዳንድ ቤት ጭስ ማውጫ ገና ይሸታል።

አክል ላይ ስለ ባቡር የሚነገር አንድ ነገር አለ። ጥንት ብራያን ሩዋ የሚባል ባለ ራእይ፣ አንድ ቀን የብረት ሠረገላ እሳትና ጭስ እየተፋ እዚህ ይመጣል፣ መጀመሪያም መጨረሻም የሚጭነው ሬሳ ነው አለ ይባላል። በ1894 ለመከር ሥራ ወደ ስኮትላንድ የሚሄዱ የአክል ወጣቶች ጀልባቸው ክሉ በሚባለው ባሕረ ሰላጤ ተገለበጠች፤ 32 ሞቱ። መስመሩ ገና እየተሠራ ነበር፣ አስከሬናቸውን ያመጣው በዚያ ሐዲድ ላይ ያለፈው የመጀመሪያው ባቡር ነው። በ1937 ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ ኪርኪንቲሎክ በሚባል ቦታ ድንች ለቀማ የሄዱ አሥር የአክል ልጆች፣ የተኙበት ቤት በእሳት ተቃጥሎ አለቁ፤ በሩ ከውጭ ተቆልፎባቸው ነበር። ባቡሩ ሬሳቸውን ካመጣ በኋላ መስመሩ ተዘጋ። ራእዩን ማመን አለማመን የናንተ ፈንታ ነው። እኔ ያሰብኩት የኛን ልጆች ነው፤ ከጅቡቲ ማዶ በጀልባ የሚሰምጡትን፣ የመን ውስጥ በር ተቆልፎባቸው በእሳት ያለቁትን። አሁን የባቡሩ ሐዲድ ተነቅሎ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ቤተሰብ ከነልጆቹ ይነዳበታል፣ ያስደስታልም። ነድተንበታል።

ክሮ ፓትሪክ የሚባለውን የተሳላሚዎች ተራራ ለመጨረሻ ያቆየነው ዕለቱን ጠብቀን ነው። የሐምሌ የመጨረሻ እሑድ ሺህዎች ይወጡታል። 764 ሜትር ነው። ጓደኛዬ ሲሰማ ሳቀ። "ቦሌ እኮ ከዚህ ሦስት እጥፍ ነው!" ነው እንጂ። ግን ቦሌን ከባሕር ጠለል ጀምረህ በእግርህ አልወጣኸውም። የመጨረሻው ክፍል ልቅ ድንጋይ ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ግማሽ ወደ ታች፤ የነፍስ አድን ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ዳር ዳሩን ቆመዋል። እዚያ ላይ ነው የዋሽንግተኑ ስኒከር ሶሉ የተላቀቀው።

ቅዱስ ፓትሪክ አርባ ቀንና ሌሊት የጾመበት ተራራ ነው ይላሉ። ፓትሪክ አየርላንዳዊ አይደለም። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ግድም ከብሪታንያ ተማርኮ ለባርነት የተሸጠ ልጅ ነው፣ ስድስት ዓመት ከብት ጠብቆ ያመለጠ፤ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሰበከ። እሱ ራሱ በጻፈው ኑዛዜ "በምዕራቡ ባሕር አጠገብ" ያለ ጫካ ሰዎች ና ብለው እንደጠሩት ይናገራል፤ ጫካው እዚሁ ሰሜን ማዮ፣ ኪላላ አካባቢ ነበር ይባላል። ይሄን ስሰማ ፍሬምናጦስ ትዝ አለኝ። የኛም አባ ሰላማ ተማርኮ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባ የባዕድ ልጅ ነው፣ ከፓትሪክ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ። ሁለታችንንም ያጠመቁን ምርኮኛ ልጆች ናቸው።

ጫፉ ላይ በ1905 የተሠራች ነጭ ጸሎት ቤት አለች። ሰዉ ይዞራታል፣ አሥራ አምስት ጊዜ፣ እየጸለየ። ብዙ ሰው በባዶ እግሩ ነው፤ የአንዲት አሮጊት ተረከዝ ደምቶ አየሁ፣ ልጇ ክንዷን ይዟት። ከታች ባሕሩ ላይ ደሴቶቹ ተበትነዋል፣ አገሬው 365 ናቸው ይላል፣ ማንም ቆጥሮ አያምንም። ደመናው ሲገለጥ ያን ሁሉ አየን፣ ሲዘጋ ደግሞ የፊታችንን ሰው እንኳ አላየንም።

ስንወርድ በትር የያዘ፣ ጫማውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሽማግሌ አነጋገረን። እናንተ አገር እንዲህ ያለ አለ ወይ አለ። ጓደኛዬ ወዲያው ስለ ቁልቢ ገብርኤል ጀመረ። ሐምሌ 19 ማለት እዚሁ ሰሞን ነው፤ ሰዉ ስለት አለበት፣ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። "ድንጋይ ተሸክሞ?" አለ ሽማግሌው። "ትልልቅ" አለው ጓደኛዬ፣ በእጁ እያሳየ፣ ትንሽም እያጋነነ። ሽማግሌው ያንን ልቅ ድንጋይ ቁልቁል አየና "እዚህስ መሸከም አያስፈልግም፣ ራሱ ይከተልሃል" አለ።

የሰሜኑን ማዮ አላየንም። እዚያ ኬጅ ፊልድስ የሚባል ቦታ አለ፤ በ1930ዎቹ አንድ የመንደር አስተማሪ ተርፍ ሲቆርጥ ከረግረጉ ሥር የተካበ ድንጋይ አገኘ፤ በኋላ ልጁ አርኪዮሎጂ ተምሮ መጥቶ ሲያጠናው ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ የሆነው የማሳ ካብ ሆኖ ተገኘ። ያኔም አርሰው፣ ያኔም ለቀው ሄደዋል ማለት ነው። ጓደኛዬ ለሚቀጥለው ሐምሌ ትኬት እያየ ነው፣ እናቱንም ላምጣ ይላል። እናቱን እሺ፣ አንተ ግን ጫማ ግዛ ብዬዋለሁ።